የእሽቅድምድም አኒሜ ለምን ጥቂት ሆነ? ካሉትስ የቱን እንምረጥ?

አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ሥራ) የሚወድ ሰው የስፖርት ታሪክ አያጣም። እግር ኳስ አለ፣ ቅርጫት ኳስ አለ፣ መረብ ኳስ፣ ቦክስ፣ ዋና፣ ቤዝቦል፤ ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። የመኪና እሽቅድምድም የፈለገ ሰው ግን ቶሎ ያልቅበታል። ይህ የሚገርመው ጃፓን የቶዮታ፣ የኒሳንና የሆንዳ አገር በመሆኗ ነው። ፎርሙላ ዋን የሚካሄድበት የሱዙካ ትራክም ያለው እዚያው ነው። መኪና የሚወድ ሕዝብ አለ፣ አኒሜ የሚሠራ ሕዝብ አለ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ሥራ ግን ጥቂት ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ለምርጫም ይጠቅማል። እሽቅድምድምን መሣል ከባድ ስለሆነ እያንዳንዱ ስቱዲዮ ችግሩን የሚያልፍበት የራሱ መላ አለው። አንዱ መኪናውን በኮምፒውተር ይሠራዋል። አንዱ ሁሉንም በእጅ እስኪስል ዓመታት ይፈጃል። ሌላው ካሜራውን ከመኪናው ላይ አንስቶ ወደ ሰዎቹ ያዞራል። አኒሜው የሚሰጣችሁ ስሜት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ መላ ነው። ስለዚህ ሬቲንግ አይታችሁ ከምትመርጡ፣ ምን ዓይነት ፍጥነት ማየት እንደምትፈልጉ ራሳችሁን ብትጠይቁ ይሻላል።

ጣጣው የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው

ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አለው። የቲቪ አኒሜ ግን ለ24ቱም አዲስ ሥዕል አይስልም። ብዙውን ጊዜ አንድ ሥዕል ለ3 ፍሬም ይቆያል። በሴኮንድ 8 ሥዕል ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። አፋቸው ብቻ ቢንቀሳቀስ ማንም ቅር አይለውም።

አሁን በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና አስቡ። በሴኮንድ 33 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለ8 ስታካፍሉት ከ4 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የአንድ ትንሽ መኪና ርዝመት ማለት ያ ነው። ስለዚህ መኪናው በፊታችሁ ሲያልፍ በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል የራሱን ርዝመት ያህል ዘሎ ይገኛል። ዓይን ይህን ፍጥነት ብሎ አይቀበለውም። መቆራረጥ ሆኖ ነው የሚታየው።

ታዲያ የሥዕሉ ቁጥር ቢጨመርስ? እዚህ ላይ ሌላ ችግር ይመጣል። የሰው ፊት ትንሽ ቢዛባ ይታለፋል። ፀጉርና ልብስም ስህተትን ይሸፍናሉ። መኪና ግን ብረት ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ጎማው ክብ ነው፣ መስታወቱ ያንጸባርቃል። ኩርባ ላይ ሲታጠፍ የሚታይበት ማዕዘን በየሥዕሉ ይለወጣል። ኮፈኑ በአንዱ ሥዕል ላይ ጥቂት ቢረዝም፣ በሌላው ጥቂት ቢያጥር፣ መኪናው ሲለጠጥና ሲኮማተር ይታያል። ጎኑ ላይ የስፖንሰር ጽሑፍ ካለበት እያንዳንዱ ፊደል አብሮ መዞር አለበት። ይህን ሁሉ በ15 ወይም በ20 መኪና አባዙት።

ጀርባው ደግሞ አለ። በተለመደው አኒሜ ጀርባው አንዴ በቀለም ተሥሎ ይቀመጣል፤ ሰዎቹ በላዩ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ካሜራው ከመኪናው ጋር ሲሮጥ ግን ቁጭ የሚል ነገር የለም። መንገዱ፣ ዛፉ፣ የመንገድ ዳር ብረቱ ሁሉ እያደጉ ወደ ተመልካቹ መምጣት አለባቸው። ጀርባው ራሱ በየፍሬሙ የሚሣል ነገር ይሆናል። ማሽንን በዚህ ደረጃ በእጅ መሣል የሚችሉ አኒሜተሮች ብዙ አይደሉም። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ያለበት ስቱዲዮም ጊዜ የለውም።

ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ይህ ጭንቀት የለበትም። አንባቢው አንድ ገጽ ላይ የፈለገውን ያህል ይቆያል። ሠዓሊው ጥቂት የፍጥነት መስመሮች ይጥላል፣ የቀረውን አንባቢው በአእምሮው ይሞላዋል። አኒሜ ሲሆን ግን ያ በአእምሮ የተሞላው ሁሉ ስክሪን ላይ መታየት አለበት።

ታሪኩም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሹፌሩ ከመነሻ እስከ መድረሻ ቁጭ ብሎ ነው። ፊቱ በሄልሜት ተሸፍኗል። የሚያናግረው ሰው አጠገቡ የለም። ቦክስ ላይ ቡጢ ሲያርፍ ማንም ይገባዋል። አንዱ ሹፌር ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ ፍሬን መያዙን ግን የሚያስረዳችሁ ከሌለ አታዩትም። በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሳንራይዝ ስቱዲዮ ሥራ ሳይበር ፎርሙላ ለዚህ ያገኘው መልስ ደስ ይለኛል። መኪናውን አናገረው። አሱራዳ የሚባለው መኪና ውስጥ የሚያስብና የሚናገር ኮምፒውተር አለ፤ የ14 ዓመቱ ሹፌር ሀያቶ እየነዳ ከሱ ጋር ያወራል፣ ይከራከራል፣ ይማራል። ብቸኝነቱ በዚህ ተፈታ። የድሮ የእጅ ሥዕል የሚማርካችሁ ከሆነ 37ቱን ክፍሎች ሞክሯቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እሽቅድምድም ለሚያይ ሰው ግን ይህን አላስቀድምም። የወደፊት ዘመን ታሪክ ስለሆነ መኪኖቹ የሚያደርጉት ነገር ከእውነተኛ መንዳት ይርቃል።

ኢኒሻል ዲ፦ ስለ መንዳት ለማወቅ

የሹዪቺ ሺጌኖ ማንጋ መታተም የጀመረው በ1995 ነው። አኒሜው በ1998 በ26 ክፍሎች ወጣ። ታኩሚ ፉጂዋራ የሚባል ተማሪ አባቱ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ለስላሳ ምግብ) ሠርቶ ይሸጣል። ልጁ በየሌሊቱ ተራራውን ወጥቶ ለሆቴሎች ያደርሳል። አኪና የተባለው ተራራ የተቀዳው ጉንማ በሚባለው የጃፓን ክፍለ ሀገር ውስጥ ካለው ከእውነተኛው የሀሩና ተራራ ነው። አባትየው መኪናው ውስጥ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ያስቀምጥለታል። ውሃው መፍሰስ የለበትም፤ ከፈሰሰ ቶፉም ተጎድቷል ማለት ነው። ልጁ ሳያውቀው ለዓመታት የሠለጠነው በዚህ ነው። መሪ፣ ፍሬንና ነዳጅ ሳያንገጫግጭ መያዝን።

ስቱዲዮዎቹ መኪኖቹን በስሪዲ (በኮምፒውተር ሥዕል) ሠሯቸው፣ ሰዎቹን በእጅ ሣሏቸው። በዚያ ዘመን ይህ ድፍረት ነበር። ዛሬ ስታዩት መኪኖቹ የድሮ ቪዲዮ ጌም ይመስላሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ሊያስከፋችሁ ይችላል። ታገሱት። መኪኖቹ ክብደት እንዳላቸው ይሰማችኋል፤ ይህ ደግሞ በብዙ አዳዲስ ሥራዎች ላይ የማይገኝ ነገር ነው። ድሪፍትን (መኪናን ኩርባ ላይ እያንሸራተቱ መንዳትን) በጃፓን ያስፋፋው ሹፌር ኬይቺ ሱቺያ የመንዳቱን ነገር በአማካሪነት ተከታትሎታል። እሱ ራሱ ታኩሚ የሚነዳት ዓይነት ቶዮታ ኤኢ86 አለው።

ለኔ ትልቁ ብልሃት ውድድሩ ማታ መሆኑ ነው። ለታሪኩ ምክንያት አለው፤ መንገዱ ላይ ሰው የማይኖረው ያኔ ነው። ለሥዕሉ ግን እፎይታ ነው። በጨለማ ውስጥ ጀርባ ብዙ አይታይም። የፊት መብራት የሚያበራት ትንሽ አስፋልት፣ ነጭ መስመር፣ የመንገድ ዳር ብረት፤ በቃ። እነሱ በፍጥነት ሲያልፉ ፍጥነቱ ይሰማል። ደግሞም ተራ የመንገድ መኪና ስለሆነ ሄልሜት የለም። የታኩሚን ድንዛዜ የሚመስል ፊት፣ የተፎካካሪውን ላብ፣ ሁሉንም ታዩታላችሁ።

አንድ ቦታ ብቻ ላሳያችሁ። በመጀመሪያው ትልቅ ውድድር ላይ ታኩሚ ሁለቱን የውስጥ ጎማዎች መንገድ ዳር ባለው የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ውስጥ ያስገባቸዋል። የቦዩ ጠርዝ ጎማውን ይይዘዋል፣ መኪናው ወደ ውጭ ሊያመልጥ የሚገባው ፍጥነት ላይ ሆኖ ኩርባውን ይታጠፋል። ይህን በሥዕል ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ የተፎካካሪው ዓይን ሲፈጥ ይታያል፣ ከዚያ ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ምን እንደተደረገ ይናገራል። ጥቂት ሴኮንድ የወሰደው ነገር ደቂቃዎች ይፈጃል። አንዳንዱ ተመልካች «ወሬ በዛ» ይላል። እኔ ግን አኒሜው የሚሠራው በዚህ ወሬ ነው እላለሁ። ሳታውቁት ስለ ጎማ መያዝ፣ ስለ ክብደት መዛወር፣ ቁልቁለት ላይ ደካማ ሞተር ለምን ብርቱውን ሊረታ እንደሚችል ተምራችሁ ትወጣላችሁ።

የዚሁ ደራሲ ተከታይ ሥራ ኤምኤፍ ጎስት በ2023 ወደ አኒሜ መጥቷል። ስሪዲው እጅግ ተሻሽሏል። ቶዮታ 86 ከፌራሪ፣ ከላምቦርጊኒና ከፖርሼ ጋር ይጋጠማል፤ የእውነተኛዎቹ መኪኖች ደጋፊ ከሆናችሁ ትደሰታላችሁ። ውድድሩ ግን ቀን ነው። ቀን ሲሆን ሁሉም ነገር ይታያል። የመንገዱ ልስላሴ፣ የዛፎቹ ተመሳሳይነት፣ ሁሉም። ለዚህ ይመስለኛል በሥዕል ጥራት የተሻለው አዲሱ ከአሮጌው ያነሰ የሚያስፈራው። ለውድድሩ ማድመቂያ በተቀጠሩት ሴቶች ላይ ካሜራው የሚያርፍበት መንገድም አይመቸኝም። ከቤተሰብ ጋር የምታዩ ይህን አስቡበት። ለማንኛውም ኢኒሻል ዲን ሳታዩ በሱ አትጀምሩ።

ዋንጋን ሚድናይትን ሰዎች ከኢኒሻል ዲ ጋር ያነጻጽሩታል። በ2007 የጀመረ፣ 26 ክፍል ያለው ነው። እዚህ መንገዱ ተራራ ሳይሆን የቶኪዮ ፈጣን መንገድ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምርም ለዓይን ግን ቀዝቃዛ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን 300 ሲነዱ፣ አንዱ ከሌላው አንጻር የቆመ ነው የሚመስለው። ኩርባ የለ፣ መንሸራተት የለ። የአኒሜው ኃይል ያለው ድባቡ ላይ ነው። ባለቤቶቹን ለአደጋ የዳረገች አንዲት ሰማያዊ ኒሳን ዜድ አለች፤ ሰዎች እየፈሯትም አይለቋትም። ሌሊትና የከተማ መብራት፣ ዝግ ያለ ጨዋታ የሚወድ ይምረጠው።

ሬድላይን፦ ፍጥነቱን ብቻ ለሚፈልግ

የማድሃውስ ስቱዲዮ ሬድላይን ዓለም ያየው በ2009 ነው። ዳይሬክተሩ ታኬሺ ኮይኬ ነው። ሥራው 7 ዓመት ገደማ ወስዷል፣ ከ100,000 በላይ ሥዕል በእጅ ተሠርቶለታል። ፊልሙ 102 ደቂቃ ነው። አካፍሉት፤ በደቂቃ ወደ 1,000 ይጠጋል። አንድ የቲቪ ክፍል ባለው 20 ምናምን ደቂቃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሺህ ሥዕል ነው የሚኖረው። የእሽቅድምድም አኒሜ ለምን ጥቂት እንደሆነ ከዚህ ስሌት በላይ የሚያስረዳ የለም። በእጅ በትክክል ይሠራ ከተባለ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ይህንን ደግሞ የሚከፍል ፕሮዲውሰር በየዓመቱ አይገኝም።

ኮይኬ መኪናው እንዲለጠጥ ፈቀደ። ሌላው የሚሸሸውን ስህተት መሣሪያ አደረገው። ጄፒ የሚባለው ሹፌር የመጨረሻውን ኃይል ሲለቅ ቢጫው መኪናው ይሳባል፣ መሪው ይርቃል፣ ፊቱ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ዓይኑ ከቦታው ሊወጣ ይደርሳል። ጥላዎቹ ጥቁር ድፍን ናቸው። ጀርባው መስመር ብቻ ይሆናል። አካላችሁ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ሲገፋ ይሰማችኋል። እውነተኛ መኪና እንዲህ አይሆንም፤ ፍጥነት ግን በውስጣችን የሚሰማን እንዲህ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። በ5 ዓመት አንዴ የሚካሄድ የጋላክሲ ውድድር፣ አንድ ሹፌር፣ የሚያፈቅራት ሹፌር፣ ውድድሩ ግዛታቸው ላይ እንዲደረግ የማይፈልጉ ወታደሮች። ጥልቅ ነገር ከፈለጋችሁ ቅር ትሰኛላችሁ። በትልቅ ስክሪን፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። በስልክ ብታዩት ግማሹ ይጠፋባችኋል። ለልጆችም አይደለም።

ኦቨርቴክና ካፔታ፦ ከመኪናው ይልቅ ሰውየው

ሁለቱም ስለ እውነተኛ የሞተር ስፖርት ናቸው። ሁለቱም ካሜራውን ወደ ሰው አዙረዋል። በጣም ይለያያሉ ግን።

ኦቨርቴክ! በ2023 የወጣ የትሮይካ ስቱዲዮ ሥራ ነው፤ 12 ክፍል። ሀሩካ የሚባል ታዳጊ ለጀማሪ ሹፌሮች በሆነው በፎርሙላ 4 ይወዳደራል። ቡድኑ አነስተኛ ጋራዥ ነው። ታሪኩን የሚሸከመው ግን ኮያ የሚባል ፎቶ አንሺ ነው። የ2011ዱ የጃፓን ሱናሚ ካደረሰበት የልብ ስብራት በኋላ ሰውን ፎቶ ማንሳት አልችል ብሎት ኖሯል። አንድ ቀን ትራክ ላይ ተሸንፎ በንዴት የሚያለቅስ ልጅ ያያል፤ ጣቱ ካሜራውን ይጫናል። መኪኖቹ በስሪዲ ናቸው፤ ንጹህና ትክክል። ውድድሩ ራሱ ግን አጭር ነው። ሄልሜት የሸፈነውን ፊት የምናነበው በፎቶ አንሺው ዓይን፣ በጋራዡ ሰዎች ጭንቀት፣ በተቀናቃኙ ቡድን ዝምታ በኩል ነው። የተረጋጋ ድራማ የሚወድ ሰው፣ መኪና ቢጠላም፣ ይሄን ይወደዋል።

ካፔታ በ2005 የጀመረ፣ 52 ክፍል ያለው ነው። ካፔታ እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው። አባቱ የአስፋልት ሠራተኛ ነው፣ ሲመሽ ደክሞ ይገባል። አንድ ቀን ከተጣሉ ዕቃዎች ለልጁ ካርት (ትንሽ የውድድር መኪና) ገጣጥሞ ይሠራለታል። የጎማ ዋጋ፣ የሞተር ዋጋ፣ የመመዝገቢያ ገንዘብ፤ ይህ አኒሜ እነዚህን አይዘላቸውም። ሀብታም ልጅ ጎማ በየውድድሩ ሲቀይር ካፔታ አሮጌውን እንዴት አድርጎ ጨርሶ እንደሚጠቀምበት ያስባል። ሞተር ስፖርት የገንዘብ ስፖርት መሆኑን እንዲህ በግልጽ የነገረኝ ሌላ አኒሜ የለም። አባትና ልጁ በማይናገሩት ነገር መተሳሰባቸው ልብ ይነካል። ሥዕሉ ያረጀ ነው፣ በጀቱ አነስተኛ መሆኑ ያስታውቃል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ካፔታን ነው። ጊዜ የሌለው ግን 12ቱን የኦቨርቴክ ክፍሎች ይይ።

ሞተር የሌለበት እሽቅድምድም

የመኪናው ጣጣ ሲበዛ ስቱዲዮዎች ወደ ሰው አካል ይሄዳሉ። አካል ይለጠጣል፣ ይደክማል፣ ፊት ይታያል። ለኛ አገር ተመልካች እዚህ ያለው ጎራ ይበልጥ ቅርብ ነው።

ናሱ፦ የአንዳሉሲያ በጋ በ2003 የወጣ የ47 ደቂቃ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ኪታሮ ኮሳካ ለረጅም ጊዜ በጂብሊ ስቱዲዮ ሥራዎች ላይ የሣለ አኒሜተር ነው። ታሪኩ በስፔን ብስክሌት ውድድር አንድ ቀን ውስጥ ያልቃል። ፔፔ የሚባል ብስክሌተኛ ውድድሩ በትውልድ መንደሩ በኩል ያልፋል። በዚያው ቀን ወንድሙ የፔፔን የድሮ ፍቅረኛ ያገባል። ስፖንሰሩ ሊያሰናብተው እንደሚያስብም በሬዲዮው ይሰማል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ዙሩ ይከራል። ሙቀቱ፣ ደረቁ መሬት፣ የአጃቢ መኪኖቹ፣ ከቡድኑ አፈትልኮ የወጣን ሰው ማሳደድ፣ ሁሉም ትክክል ነው። የብስክሌት ውድድር ለሚከታተል ሰው ከዚህ የተሻለ አኒሜ አላውቅም። አንድ ምሽት ብቻ ያላችሁ ከሆነ ይሄው ነው።

ራን ዊዝ ዘ ዊንድ በ2018 የወጣ የፕሮዳክሽን አይጂ ሥራ ነው፤ 23 ክፍል። አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ የሚኖሩ አሥር ተማሪዎች ለሀኮኔ ኤኪደን ይዘጋጃሉ። ይህ ከ1920 ጀምሮ ያለ የዩኒቨርሲቲዎች የዱላ ቅብብል ነው። ዱላ ሳይሆን ከትከሻ የሚወርድ ጨርቅ ነው የሚቀባበሉት። ከቶኪዮ ሀኮኔ ደርሶ መልስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሁለት ቀን በአሥር ሯጮች ይሸፈናል። አምስተኛው ምድብ ተራራ መውጣት ነው። ከአሥሩ አብዛኞቹ ሯጭ አይደሉም። አንዱ ክፍሉን ማንጋ የሞላበት፣ መሮጥ የማይወድ ልጅ ነው።

ጃፓኖች ረጅም ርቀትን እንዴት እንደሚያከብሩ አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ ወርቁን ሲወስድ ያጨበጨበለት ሕዝብ ይመሰክራል። ይህ አኒሜ ከዚያ ፍቅር የወጣ ነው። ሩጫው ተደጋጋሚ ሥዕል አይደለም፤ የያንዳንዱ ልጅ አረማመድ ይለያል። ማን እግሩን እንደሚጎትት፣ ማን ትከሻውን እንደሚያጨማድድ ከሩቅ ታውቁታላችሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ የ10,000 ሜትር ዙር እየቆጠርን ላደግን ሰዎች ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ለዚህ ነው አኒሜ አይቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጓደኛ ቢጠይቀኝ ከዝርዝሩ ሁሉ ይሄን የማስቀድመው።

ኡማ ሙሱሜን ጠርጥራችሁ ካለፋችሁት፣ በ2021 የወጣውን ሁለተኛ ሲዝን ዕድል ስጡት። የውድድር ፈረሶች በሴት ልጆች አምሳል መሣላቸው ግር ይላል። ታሪኩ ግን ከእውነት የተቀዳ ነው። ቶካይ ቴዮ የተባለው ፈረስ ጉዳት ላይ ቆይቶ ከ364 ቀን በኋላ ተመለሰና በታኅሣሥ 1993 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ትልቁን የአሪማ ኪነን ውድድር አሸነፈ። ይህን ቀድማችሁ ማወቃችሁ አኒሜውን አይጎዳውም።

ኢኒሻል ዲን የመረጣችሁ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያዙ። ፈርስት ስቴጅ፣ ሰከንድ ስቴጅ፣ ከዚያ በ2001 የወጣው ሰርድ ስቴጅ ፊልም፣ ቀጥሎ ፎርዝ፣ ፊፍዝና በ2014 የተጠናቀቀው ፋይናል ስቴጅ። ከ2014 እስከ 2016 የወጡ ሦስት አዳዲስ ፊልሞችም አሉ። መጀመሪያውን ታሪክ እንደገና የሚናገሩ ናቸው፤ ሥዕላቸውም ያምራል። ነገር ግን የድሮዎቹ ተዋንያን ድምፅም፣ ውድድሩን የሚያጅበው ዩሮቢት የሚባለው ፈጣን የዳንስ ሙዚቃም የለባቸውም። በነሱ አትጀምሩ።